የሁከር ልጅና የቴዎድሮስ ልጅ፦ በ1868 ስለተነሳ የአንድ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ፎቶግራፍ

ብሪክስተን ውስጥ በምንኖርበት መንገድ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጃማይካዊት ጎረቤት አሉን። በጋ ሲሆን በትልቅ የአበባ ማስቀመጫ የተተከለች፣ ቅጠሏ ሰፊና ቀላ ያለ ተክል በራቸው አጠገብ ያወጣሉ። ብርዱ ሲጀምር ውርጭ እንዳይመታት መልሰው ወደ ቤት ያስገቧታል። አንድ ቀን ልጄ ምን እንደሆነች ብትጠይቃቸው "የአቢሲኒያ ሙዝ ናት" አሏት። ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ "አባባ፣ የእኛ አገር ሙዝ እንዲህ ነው እንዴ?" አለችኝ። ቀረብ ብዬ ሳያት እንሰት ናት። እናቴ የወልቂጤ ሰው ናት፤ ቆጮ በልቼ ነው ያደግሁት። እንሰት ብሪክስተን ድረስ እንዴት እንደመጣች ግን ለልጄ የምነግራት አንድም ነገር አልነበረኝም።

እኔ መሐንዲስ ነኝ እንጂ የታሪክም የዕፅዋትም ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ነገሩን ስከታተል፣ የእንሰቷ መንገድ በምዕራብ ለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል መራኝ። ኪው ደግሞ ወደ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ መራኝ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ፎቶግራፍ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ባለ ፎቶግራፉ

ሰውየው ጆሴፍ ዳልተን ሁከር ይባላል። ፎቶግራፉ ሲነሳ፣ በ1868፣ ዕድሜው 51 ገደማ ነው። ቅንድቡ ጥቅጥቅ ያለ፣ የጉንጩ ጢም የረዘመ ሰው ነው። ያነሳችው የዚያ ዘመን ስመ ጥር የፎቶግራፍ ባለሙያ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት።

ሁከር በ1817 በእንግሊዝ አገር ሰፎክ ውስጥ ተወለደ። በ1839 ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። ወዲያው ኤረበስ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ረዳት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረና በጄምስ ክላርክ ሮስ መሪነት ወደ ደቡብ ዋልታ አካባቢ ለአራት ዓመት ተጓዘ። በሽተኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ዕፅዋት ይሰበስብ ነበር። በኋላም ከ1847 እስከ 1851 ሕንድና ሂማላያ ቆየ። በ1865 አባቱ ዊልያም ሁከር ሲሞቱ የኪው ዳይሬክተርነትን ወረሰ፤ በዚያም ወንበር 20 ዓመት ተቀመጠ። ከ1873 እስከ 1878 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዝዳንት ነበር። የቻርለስ ዳርዊን የቅርብ ወዳጅም ነው፤ ዳርዊን በ1844 ስለ ፍጥረታት መለዋወጥ ያለውን ሐሳብ አስቀድሞ ከገለጠላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። የሞተው በ1911 በ94 ዓመቱ ነው።

ሐኪም ሆኖ የተፈጥሮ ተመራማሪ መሆኑ ዛሬ ሊያስገርም ይችላል። በዚያ ዘመን ግን የተለመደ ነበር። መድኃኒት ማለት በአብዛኛው ቅጠልና ሥር ስለነበረ፣ የዕፅዋት ሳይንስ የሕክምና ትምህርት አንዱ ክፍል ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአገራችን ባለ መድኃኒቶች በአንድ እጃቸው በሽተኛ፣ በሌላው ሥር ማሽ ይዘው የኖሩ ናቸው። የኛው ኮሶ እንኳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን የሳይንስ ስሙን እንመልከት፦ "ሃጌኒያ አቢሲኒካ" ይባላል። "አቢሲኒካ" አገሩን ይናገራል፤ "ሃጌኒያ" ግን ካርል ጎትፍሪድ ሃገን ለተባለ ጀርመናዊ ፋርማሲስት መታሰቢያ ነው። ኮሶን ለትል መድኃኒትነት መጀመሪያ የቀመሰው ሐበሻ መታሰቢያ የለውም።

ፎቶግራፉ እንዴት ተነሳ?

ካሜሮን በ1815 ካልካታ ተወለደች። ፎቶግራፍ የጀመረችው 48 ዓመት ከሆናት በኋላ ነው፤ የመጀመሪያ ካሜራዋን ሴት ልጇ ሰጠቻት። ዋይት ደሴት ላይ ፍሬሽዋተር በተባለ ቦታ ይኖሩ ነበርና የዶሮ ቤቱን አጽድታ ስቱዲዮ አደረገችው።

የምትጠቀምበት ዘዴ "እርጥብ ኮሎዲዮን" ይባላል። ኮሎዲዮን ጥጥን በአሲድ ካዘጋጁ በኋላ በኤተርና በአልኮል በማሟሟት የሚገኝ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ነው። አስቀድሞ ሐኪሞች ቁስል ለመሸፈን ይጠቀሙበት ነበር። ፎቶ አንሺው ይህን ፈሳሽ በመስታወት ላይ ያፈስና በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነክረዋል። መስታወቱ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ መግባት፣ ብርሃን መቀበልና መታጠብ አለበት። ከደረቀ ሥራው ከንቱ ነው። ከዚያ መስታወቱን የእንቁላል ነጩ በተቀባበት ወረቀት ላይ አድርገው በፀሐይ ያትሙታል። የካሜሮን ትልልቅ መስታወቶች 30 በ38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበሩ። ተነሺው አንዳንዴ ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ የቴክኒክ ነገር ልጨምር፤ ኋላ ይጠቅመናል። ይህ ኬሚካል ብርሃንን ሁሉ እኩል አያይም። ሰማያዊውንና ከዓይናችን ውጭ የሆነውን አልትራቫዮሌት ያያል፤ ለቀይና ለቢጫ ግን ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማያዊ ዓይን ነጣ ብሎ ይወጣል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ካለው በላይ ጠቁሮ ይወጣል። የጠይም ሰው ፊት ዝርዝር እንዲታይ ብርሃኑን በተለየ ጥንቃቄ ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህ የፎቶ አንሺዋ ክፋት ሳይሆን የሙጫው ጠባይ ነው። ነገር ግን የመሣሪያ ጠባይም ቢሆን፣ ማን ጥርት ብሎ እንደሚታይና ማን ጥላ ውስጥ እንደሚቀር ይወስናል።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ካሜራ

በ1868 የበጋ ወራት ፍሬሽዋተር እንግዳ በዝቶበት ነበር። ዳርዊን ከነቤተሰቡ የካሜሮንን ቤት ተከራይቶ ከርሟል፤ እሱንም አንስታዋለች። በዚያው በጋ፣ በሐምሌ፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እሷ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው።

ታሪኩን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል፤ ባጭሩ ላስታውስ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን አጠፉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ጋር ወደ ባሕር ሲወሰዱ በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ አባቱን ባጣ በወሩ እናቱንም አጣ። ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ፣ በአማርኛ "ባሻ ፈለቀ" የሚባለው፣ ይዞት እንግሊዝ ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ባለው ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት። ስፒዲ ከፍሬሽዋተር ጋር ግንኙነት ነበረውና ልጁ ካሜሮን ዘንድ ቀረበ። ብቻውንም፣ የሐበሻ ልብስ ከለበሰው ከስፒዲ ጋርም ተነሳ። አባትና እናቱን ከቀበረ ገና ሦስት ወር ገደማ ነው። ያንን ሁሉ ደቂቃ አትነቃነቅ ተብሎ የተቀመጠው በዚያ ኀዘኑ ነው።

የሁለቱም ፎቶግራፎች ቅጂዎች ዛሬ በተለያዩ ሙዚየሞች ይገኛሉ፤ በኢንተርኔትም ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል። እኔም አንድ ማታ ልጄን አስቀምጬ እንዲሁ አደረግሁ። ልጄ ወዲያው ያየችው ዓለማየሁን ነው። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ የእሱን ፊት ስናይ አንጀታችን ይላወሳል፤ ሌላውን ገጽ ሳናየው እንገለብጠዋለን። የእኔ ነጥብ ግን የሽማግሌው ፎቶግራፍም እኛን ይመለከታል ነው።

"ልጅ" የሚለው ቃል

ካሜሮን ከዓለማየሁ ፎቶግራፍ ሥር ስሙን ጽፋ "የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ" የሚል አክላበታለች። ልጁ የሚታወቀው በአባቱ ነው።

የሚገርመው ሁከርም በሳይንስ የሚታወቀው በአባቱ ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ሕግ አንድ ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ሲጠራ የሰየመው ሰው ስም በአጭሩ ይከተላል። አባትየው ዊልያም "ሁክ" ተብለው ይጻፋሉ። ልጅየው ጆሴፍ "ሁክ. ኤፍ." ይባላል። ያቺ "ኤፍ" "ፊሊዩስ" የሚለው የላቲን ቃል ምሕፃር ናት፤ ትርጉሟ "ልጅ" ነው። የሁከር ልጅ ማለት ነው።

ሁለት ልጆች በአንድ ዓመት አንዲት ሴት ካሜራ ፊት ተቀመጡ። አንዱ የአባቱን ወንበር፣ የአትክልት ቦታና ቤተ መጻሕፍት ወረሰ። ሌላው አባቱን በገደለው ጦርነት ማግስት ያለ ወላጅ፣ በሰው አገር ቀረ። የአንዱ "ልጅ" ሹመት ሆነ፤ የሌላው "ልጅ" የምርኮ ምልክት ሆነ።

የእኛ ተራሮች በሁከር ጠረጴዛ ላይ

ሁከር ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ነገር ግን ተራሮቻችን ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። እንዴት?

በ1860ዎቹ መጀመሪያ ጉስታቭ ማን የተባለ የኪው ሰብሳቢ በምዕራብ አፍሪካ የፈርናንዶ ፖ ደሴትንና የካሜሩንን ተራራ ወጥቶ ዕፅዋት ላከ። ሁከር ናሙናዎቹን ሲመረምር አንድ ያልጠበቀው ነገር አየ፤ ከተራራው አናት የመጡት ዕፅዋት ብዙዎቹ ከሥራቸው ካለው ቆላ ይልቅ የኢትዮጵያን ደጋ ዕፅዋት ይመስላሉ። ከካሜሩን ተራራ እስከ ስሜን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉ ያለው አብዛኛው ቆላ ነው። ለምሳሌ ደጋ ላይ የምናውቀው ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ አሜጃ በሁለቱም ዘንድ ይበቅላል። ሁከር ይህን በ1862 እና በ1864 ጽፎ አወጣ። ዳርዊንም በታላቁ መጽሐፉ በኋለኞቹ እትሞች ውስጥ ይህን ግኝት እንደ አስደናቂ ማስረጃ ጠቀሰው፤ ዕፅዋቱ ዓለም በቀዘቀዘችበት ዘመን በቆላው በኩል ተሻግረው፣ ሙቀት ሲመለስ ተራራ ላይ ቀርተዋል ብሎ ገመተ።

በ1864 ጽሑፍ ውስጥ ሁከር ከካሜሩን ለመጣ አንድ ዛፍ ስም ሰጠ። ያ ዛፍ በእኛ አገር ደኖችም በሰፊው የሚገኘው ጥቁር እንጨት ነው። ዛሬ "ፕሩነስ አፍሪካና" ይባላል፤ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ "ሁክ. ኤፍ." ይጻፋል። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚሆን በዓለም ገበያ ይሸጣል።

ታዲያ ሁከር የካሜሩኑን ከኢትዮጵያው ጋር ለማወዳደር የኢትዮጵያን ዕፅዋት ከየት አወቀ? ከፈረንሳይ የመጡት ሐኪሞችና የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ካርተን ዲዮንና ፕቲ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሕይወታቸውን ያጡት በአገራችን ዕፅዋት ሲሰበስቡ ነው። የሰበሰቡት ፓሪስ ደርሶ በአሺል ሪሻር እጅ ትልቅ መጽሐፍ ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር አለ። በ1837 ትግራይ ገባ፤ ደጃዝማች ውቤ እንትጮን አስተዳድር ብለው ሰጡት፤ አገሩን ሳይመለስ በ1878 ዓድዋ ሞተ። ከአውሮፓውያኑ ጋር በመቅደላም ነበር። የላካቸው የደረቁ ዕፅዋት በአውሮፓ ዋና ዋና ማከማቻዎች ተሠራጩ፤ ኪውም ደረሱ።

በእነዚህ የናሙና ወረቀቶች ላይ የሰብሳቢው ስም አለ፤ ቀንና ቦታ አለ። ገደሉን ያሳየው እረኛ፣ "ይህ ለሆድ ነው፤ ይህ ለቁስል ነው" ያለችው ባልቴት ግን ብዙ ጊዜ በስም አይገኙም። የሁከር ፎቶግራፍ ከዚህ የተሠራ ነው። ያ ግንባር ውስጥ ያለው ዕውቀት ከብዙ ሰው እጅ ተሰብስቦ የመጣ ነው፤ ካሜራው ግን የሚያነሳው ፊቱ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ነው።

የጎረቤታችን እንሰትም በዚሁ መንገድ ነው የመጣችው። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እንሰት ጽፎ ሥዕሏን አወጣ። በ1853 የምጽዋው የእንግሊዝ ቆንስል ዎልተር ፕላውደን ዘሯን ወደ ኪው ላከ፤ በቀለች፣ አደገች። በ1861 አባትየው ሁከር ሥዕሏንና ገለጻዋን በዕፅዋት መጽሔት አወጡ። ፕላውደን ግን ይህን አላየም፤ በ1860 ጎንደር አጠገብ ቆስሎ ሞተ። የአፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ነበርና ንጉሡ ደሙን ተበቅለውለታል። እንግዲህ ወደ መቅደላ ያደረሰው የቆንስሎች ታሪክና ብሪክስተን የደረሰችው እንሰት አንድ ሥር አላቸው።

እስረኛው ሐኪም

አንድ ነገር ልጨምር። በ1849 መጨረሻ ሁከር ከእንግሊዛዊው ሹም ከአርቺባልድ ካምቤል ጋር በሂማላያ ሲዘዋወር በሲኪም ንጉሥ ሰዎች ተይዞ ለሳምንታት ታሰረ። ተፈታ። ብሪታንያ ግን በ1850 ይህን ምክንያት አድርጋ የሲኪምን ደቡባዊ መሬት ወሰደች። በሲኪምም በመቅደላም እስረኞች ለጦርና ለቅጣት ምክንያት ሆነዋል። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰውዬ ስለዚህ ራሱ እንደ መቅደላ እስረኞች የቆጠረው ቀን አለው። ሁከር ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ለሥራው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ነገር ግን ሳይንሱና ጦሩ በአንድ መንገድ ይሄዱ እንደነበር ማወቅ አለብን።

ለእኛ ምን ይላል?

ዓለማየሁ ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ካሜሮንም በዚያው ዓመት ሲሎን ውስጥ ሞተች። በ2007 ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በግንቦት 2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያው ያረፉትን የሌሎችን አጽም ሳይነኩ ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ ጥያቄውን አልተቀበለም። በዚያው ዓመት መስከረም ግን ከስፒዲ ቤተሰብ የተገኘ የልጁ ፀጉር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ይህ ጥያቄ ገና አልተዘጋም፤ መዘጋትም የለበትም።

የዕፅዋቱ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት በ2009 ተጠናቀቀ። ወደ 6,000 የሚሆኑ ዝርያዎች የተገለጹበት ባለ ብዙ ቅጽ ሥራ ነው። ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተሠራ ሲሆን፣ ማዕከሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በ2018 የሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነው ተመረጡ። ሁከር በፕሬዝዳንትነት የመራው ማኅበር መሆኑ ነው። ከ150 ዓመት በፊት ስማቸው የማይጻፈው የአገሩ ሰዎች ልጅ ዛሬ ስም ሰጪ ሆነ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሙዚየም ስትገቡ የዓለማየሁን ፎቶግራፍ ብቻ አይታችሁ አልቅሳችሁ አትመለሱ። የሐኪሙንም ፎቶግራፍ ፈልጉ። ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ፤ ያልተጻፈውንም ጠይቁ። ብዙዎቹ የኪው ናሙናዎች በኢንተርኔት ስለሚታዩ ከቤታችሁ ሆናችሁ የትውልድ ቦታችሁን ስም ፈልጉ። ተክሉን ካገኛችሁ ወደ አገር ቤት ደውላችሁ እናቶቻችንን "ይህ በእናንተ ዘንድ ምን ይባላል? ለምን ይሆናል?" በሏቸው፤ ጻፉትም። ያ ዕውቀት ከእነሱ ጋር እንዳይቀበር አሁን ጊዜው ነው።

እኔም ለልጄ መልሱን ነገርኳት። ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ የሚኖርባት እንሰት መሆኗን፣ አያቷ ከእሷ ቆጮ ፍቃ እንዳሳደገችኝ አስረዳኋት። ልጄ ሄዳ ለጎረቤታችን ነገረቻቸው። አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ስሟን እንድትጽፍላቸው ጠየቋት። አሁን በአበባ ማስቀመጫው ላይ፣ በልጄ የተጣመመ የእጅ ጽሑፍ፣ በፊደላችን "እንሰት" የሚል ትንሽ እንጨት ተሰክቷል።

ቸር ይግጠመን።